ማንም ያላለው «ቁም»

«ሰምተሃል!» አለኝ እንድሪስ፣ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ። «ሬዲዮው እጅህ ላይ ነበር፣ ሰምተሃል።»

«አልሰማሁም።»

«ወላሂ ትዋሻለህ።»

«እንድሪስ፣ አልሰማሁም አልኩህ እኮ።»

«ታዲያ ማን ነው ያቆመኝ? ጉሙ ነው? ቁራው ነው?»

ኢንጅነር ሰላማዊት በመካከላችን ተቀምጣ፣ የእስክሪብቶዋን ክዳን ከፍታ፣ ባዶ ወረቀት ፊቷ ዘርግታ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። የሳይቱ ቢሮ ኮንቴይነር ነው፣ ሦስት ሰው ከገባበት ትንፋሽ ለትንፋሽ ነው የሚገናኘው። «እናንተ ሰዎች፣ አንድ ነገር በሉኝና ልጻፍ» አለች። «ዋናው ቢሮ ዛሬውኑ ይጠብቃል፣ የናንተን ሙግት ግልባጭ አድርጌ ልላክላቸው?»

እዚህ ላይ ቆም ልበልና አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። እንኳን ላምን፣ ሲወራ የምስቅ ነኝ፤ መካነ ሰላም ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ጂን፣ ስለ ዛር፣ ገደል አፋፍ ላይ ስም ጠርቶ ስለሚጠፋ ነገር ያልሰማው የለም፣ አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ጎረቤታችን ሀጂ ከመስጊድ ሲመለሱ፣ ሁለቱም ያንኑ አንድ ታሪክ ይነግሩኝ ነበር፣ እኔም ሁልጊዜ «የት ቆማችሁ ነው ያያችሁት? ብርሃን ነበር? ሌላ ማን አየ?» እያልኩ እጠይቃለሁ፣ በዚህ ጠባዬ ያላስቀየምኩት ዘመድ የለኝም። አሁን የምነግራችሁ ግን ቀን በቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የሆነ ነው። መቃብር የለበትም፣ ጠንቋይ የለበትም። ያለው ክሬን ነው።

በከተማችን ከዋናው መንገድ ዳር ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ይሠራል፣ ያን ጊዜ ስድስተኛው ላይ ደርሰን ነበር። ክሬኑ በተሳቢ መኪና ተፈታትቶ በአቀስታ በኩል የመጣ ጊዜ፣ ተገጣጥሞም የቆመ ጊዜ፣ ከተማው አንገቱን ቀና አድርጎ ከረመ፣ በገበያ ቀን ጤፉን ጥሎ የሚያይ ነበር። ለምን አይወድቅም? እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት እሱን ነው፣ እንድሪስ ነው ያስረዳኝ። «ከኋላው የተንጠለጠሉትን የኮንክሪት ድንጋዮች አየሃቸው? ከፊት የሚያነሳውን ከኋላ በነሱ ይመዝናል። ክንዱ ላይ የሚመላለስ ጋሪ አለ፣ መንጠቆው ከሱ ነው የሚወርደው፣ ጋሪው ከምሰሶው በራቀ ቁጥር ጭነቱ ይከብደዋል። ሥሩ ላይ አራት ቶን እንደ ላባ የሚያነሳው ጫፉ ላይ አንዷን ቶን ይዞ ይጮህብሃል። አታምነኝም? ባልዲ ውሃ ሙላና ክንድህን ዘርግተህ ያዝ።» ያዝኩ፣ አመንኩት።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ገመድ ተሸክመው በራችን ላይ መጡ። ሥራ ስንጨርስ ክንዱ ማንም ሳይኖርበት ብቻውን ሲዞር አይተው፣ ኦፕሬተሩ ረስቶት የሄደ መስሏቸው ነው። «ልጆቼ፣ ማሰሪያ አጥታችሁ ከሆነ ይኸው፣ እሰሩት፣ ከብት እንኳ ታስሮ ነው የሚያድረው» አሉን። እንድሪስ ስቆ ሊሞት። ከዚያ ግን እጃቸውን ይዞ፣ «አባባ፣ ፍሬኑን ሆን ብለን ነው የምንለቀው፣ ነፋሱ ወደ መጣበት እንዲዞር ነው፣ ብናስረው ነው የሚወድቅብን» ብሎ በትህትና አስረዳቸው። አላመኑትም፣ ገመዱንም ትተውልን ሄዱ።

እኔ ሬዲዮ ያዥ ነኝ። ኦፕሬተሩ እንድሪስ እላይ በመስታወት ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ሕንፃው የሚጋርደውን አያይም፣ ስለዚህ የሱ ዓይን እኔ ነኝ፣ ግራ ስለው ግራ፣ አውርድ ስለው ያወርዳል፣ ለያንዳንዱ ቃሌ «አብሽር» ይለኛል፣ ሌላ ሳይት ላይ «እሺ» ወይም «ተቀብያለሁ» ይላሉ፣ የኛ ግን አብሽር ነው። ግጥም እንደምሞክር ስለሚያውቅ ትንሽ ካስረዘምኩ አይምረኝም፤ «አቦ፣ ቀኝ ወይ ግራ በለኝ፣ ስለ ሰማዩ ውበት ስወርድ እናወራለን።»

ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ የሬዲዮ ያዡን ብቻ ነው የሚሰማው፣ የሕንፃው ባለቤት ሥሩ ቆሞ ቢጮህ አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው፣ «ቁም» የሚለውን ግን ከማንም ይሰማል፣ ሻይ የምታፈላው ዘይነባም ብትለው ይቆማል፣ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ይህ በየትኛውም ክሬን ላይ ያለ ሕግ ነው። እሱ ከአረብ አገር ይዞት የመጣ አንድ ጭማሪ ነበረው፤ ያቆመው ሰው ራሱ ካልለቀቀው ንቅንቅ አይልም። ለምን እንደሆነ አንዴ ብቻ ጠይቄዋለሁ። «አንዱ ቁም አለኝ፣ ሌላው ቀጥል አለኝ፣ ቀጠልኩ» አለና ሻዩን ጠጣ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም።

ሰባት ዓመት ነው አረብ አገር የሠራው። አገሩ ከአቀስታ ማዶ ነው፣ ሲመለስ ልጁ «አጎቴ» ብላ ነው የተቀበለችው፣ ከብዙ ወራት በኋላ በኢድ ዕለት «አባ» ስላለችው ለሳይቱ ሠራተኛ በሙሉ ከረሜላ አከፋፈለ፣ ለጥበቃው ሳይቀር። በዚህ አካባቢ ሌላ ክሬን የለም። ከዚህኛው ከወረደ የሚቀረው ወደ አረብ አገር መመለስ ነው፣ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ኢንጅነሯም ታውቃለች።

ነሐሴ ነበር፣ ጉሙ ከዓባይ በረሃ በኩል እየተነሳ ከተማውን የሚውጥበት ጊዜ ነው። ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ሬዲዮው «ጠቅ» ይላል። ሰው ቁልፉን ተጭኖ ሳይናገር ሲለቀው የሚሰማ ድምፅ ነው።

«እንድሪስ፣ አንተ ነህ የምትጫነው?»

«እኔ ሁለት እጄ ማንሻው ላይ ነው። አንተ ነህ እንጂ።»

ትንሽ ቆይቶ «ጠቅ»። እንደገና «ጠቅ»። ሁለት ሬዲዮ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሦስተኛው ባትሪው ወጥቶ ኢንጅነሯ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሬዲዮ ያረጃል፣ እርጥበት ይገባበታል፣ እመኑኝ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር በሐሳቤ አልመጣም። ቀጥሎ ያየሁት መንጠቆውን ነው፤ ባዶውን ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ የሚባል ሳይኖር፣ የገብስ ማሳ ጸጥ ብሎ እንደሚቆመው ሁሉ ጸጥ ባለበት፣ ቀስ ብሎ ክብ እየሠራ ይዞራል። ጋሪው ሲቆም የተረፈ ውዝዋዜ ነው ብዬ ተውኩት፣ ሊሆንም ይችላል። ከዚያ ጉሙ ክንዱን ከጫፉ ጀምሮ ይበላው ጀመር፣ መጀመሪያ ጫፉ፣ ቀጥሎ ጋሪው፣ ቀጥሎ የእንድሪስ ሳጥን፣ በመጨረሻ የቀረኝ የክሬኑ ድምፅ ብቻ ሆነ፣ ከላይ ብረት ብረትን ሲያሽ።

ፌሮ የሚያስሩት ፌራዮዎቹ ለቁርስ ወርደዋል። ስድስተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ የኮንክሪቱ ወለል ላይ፣ ብቻዬን ነበርኩ። ታች ፌሮ የጫነ መኪና ቆሟል፣ ሾፌሩ ጡሩንባ እየነፋ አላስቆም አላስቀምጥ ስላለ አንዷን እስር እናውጣ ተባባልን። ማየት ባይቻልም መስማት ይቻላል፣ ከዚህ ቀደምም ሠርተነዋል።

«አንሳ» አልኩት።

«አብሽር።»

«ቀኝ፣ ቀኝ፣ በቃ። ጋሪውን ወደ ውስጥ። በቃ።»

«አብሽር።»

የፌሮው እስር ከጉሙ ውስጥ ወጣ፣ ረጅም፣ እርጥብ፣ ምንም ድምፅ የሌለው። «አውርድ፣ ቀስ፣ ቀስ» አልኩና በባዶ እጄ ጫፉን ላቀና ስዘጋጅ ፌሮው እንዳይዝብኝ የአንገት ልብሴን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ ያዝኩ። ይህን የምነግራችሁ አፌ ዝግ እንደነበረ እንድታውቁልኝ ነው። ሌላው እጄ ሬዲዮውን ይዟል፣ አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ አልነበረም።

«ቁም።»

ከሬዲዮዬ ነው የወጣው። እስሩ ከሶሌታው በላይ ሁለት ሜትር ላይ ቀጥ አለ።

የእንድሪስ ድምፅ አልነበረም። የኔ ነበር። የራሱን ድምፅ ማን ያውቃል ትሉ ይሆናል፣ እውነት ነው፣ ሰው ድምፁን ከውስጥ እንጂ ከውጭ አያውቀውም፣ እኔ ግን የጻፍኩትን በስልኬ ቀድቼ ደጋግሜ ስለምሰማ ከውጭ ምን እንደምመስል አሳምሬ አውቃለሁ፣ ትንሽ በአፍንጫ ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር፣ የማልወደው ድምፅ ነው። እሱ ነበር። ደግሞ ሬዲዮ የራስህን ንግግር መልሶ ለራስህ አያሰማህም፣ ስትጫነው ጆሮው ይዘጋል፣ ከሱ የሚወጣው የሌላ ሰው ብቻ ነው።

ፈራህ ወይ ብትሉኝ አልፈራሁም። እግራችሁ ደንዝዞ ስትነኩት የሌላ ሰው ሥጋ የሚመስላችሁ ጊዜ አለ አይደል? መላ አካላቴ እንደዚያ ነበር።

«ምን አየህ?» አለ እንድሪስ።

ቀና ብዬ እስሩን አየሁ።

«ጌታሁን፣ ምን አይተህ ነው ያቆምከኝ?»

የአንገት ልብሴን ከጥርሴ አወጣሁ። «ማን ነው ያቆመህ? እኔ ምንም አላልኩም።»

ውሸት አልነበረም፣ አስተውሉ። አላልኩም። የሰማሁትን ግን አልነገርኩትም፣ እዚያች ላይ ነው ነገሩ የጀመረው።

«አንተ ነሃ! ቁም አልከኝ፣ ቆምኩ። በል ልቀቀኝ።»

«አላልኩህም፣ ምን ልልቀቅህ?»

ከዚያ በኋላ የሆነው ይኼው ነው፤ አንድ ቶን ከምናምን ብረት ከአናቴ በላይ ተንጠልጥሎ፣ እንድሪስ አላወርድም፣ አላነሳም ብሎ፣ ሃያ ደቂቃ አለፈ፣ ሠላሳ አለፈ። ፌራዮዎቹ ደረጃው ላይ ተሰበሰቡ። «ኦፕሬተሩ ጫት ጨርሶበት ነው» አለ አንዱ፣ «አይ፣ ሚስቱን በስልክ እያናገረ ነው» አለ ሌላው፣ ሳቁ፣ ቆይተው ግን ሳቁን ተዉት። ኢንጅነር ሰላማዊት ስድስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ እያለከለከች፣ ሬዲዮውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«እንድሪስ፣ አውርድ።»

«ኢንጅነር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያቆመኝ ይልቀቀኝ።»

«ማን አቆመህ?»

«ጌታሁን።»

ዞር ብላ አየችኝ። «አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ስለዚህ ማንም አላቆመህም፣ አውርድ!»

«ማንም ካላቆመኝ ይባስ ነው» አለ እንድሪስ። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። «ማን እንዳቆመኝ ሳላውቅ ምን ላይ ነው የማወርደው?»

ነፋስ መነሳት ጀመረ። እስሩ ትንሽ፣ ትንሽ ይወዛወዛል። ነፋሱ ከበረታ ክሬኑ ጭነቱን አውርዶ ፍሬኑ ተለቆ በነፃ መዞር አለበት፣ ጭነት እንደያዘ ግን አይለቀቅም፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ኢንጅነሯ ሬዲዮውን መለሰችልኝ። «ልቀቀው» አለችኝ በሹክሹክታ። «አልክም አላልክም፣ ለጊዜው ልቀቀው።»

ተጫንኩ። «እንድሪስ፣ እኔ ነኝ። ቀጥል። አውርድ።»

አብሽር እስኪለኝ ጠበቅሁ። አላለም።

«ያቆመኝ ድምፅ ያንተ ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን አንተ ስትናገር ሁልጊዜ ከኋላህ ነፋሱ ይሰማኛል፣ መዶሻ ይሰማኛል፣ መንገዱ ይሰማኛል። ያ "ቁም" ከኋላው ምንም አልነበረውም።»

ኢንጅነሯ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ልክ እንደሆነ አወቅሁ፣ ምክንያቱም እኔም የሰማሁት እንደዚያ ነበር።

እላይ የነፋስ መለኪያው መጮህ ሲጀምር «ቢስሚላህ» ሲል ሰማነው፣ እስሩን ወደ ላይ አነሳው፣ ሶሌታው ላይ ሳይሆን ወደ መጣበት፣ ወደ መኪናው መለሰው። ታች ያሉት በፉጨት ተቀበሉት። ፍሬኑን ለቀቀ፣ መሰላሉን ወረደ። ያው ነፋስ ጉሙን ጠራርጎ ወሰደውና ፀሐይ ወጣች፣ እኛም እስሩ ሊያርፍበት ወደነበረው ቦታ ሄድን።

ምንም አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው የምትጠብቁትን የማልነግራችሁ። የተኛ ሰው አልነበረም፣ የተሰነጠቀ ሶሌታ አልነበረም። ኢንጅነሯ በጉልበቷ ተንበርክካ በእጇ ዳሰሰችው፣ ከሥር ወርደን ድጋፎቹን አንድ በአንድ ቆጥረን ነካካን፣ ሁሉም እንደቆመ ነው። መንጠቆው ደህና፣ ሽቦው ደህና፣ ማሰሪያው ደህና። አንድ ሰው እዚያ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ተአምር ብለን፣ እኔ በማርያም፣ እሱ በአላህ፣ ተቃቅፈን እናለቅስ ነበር፣ ነገሩም እዚያው ባበቃ። የቆምነው ያለ ምንም ምክንያት ነው። ይኸው ወራት አልፈው፣ አሁንም በዚያ ስፍራ ላይ ስራመድ ዘልዬው ነው የማልፈው፣ ለምን ብትሉኝ አላውቅም፣ ሌሎቹም እንደሚዘሉት አይቻለሁ፣ እኔ ያልኳቸው ነገር ግን የለም።

እንግዲህ ወደ ኮንቴይነሩ እንመለስ።

«ስሙኝ» አለች ኢንጅነር ሰላማዊት። «ሦስት ነገር ነው መጻፍ የምችለው። ጌታሁን፣ አንተ ነህ ቁም ያልከው ካልክ፣ አንዲት መስመር ናት፣ ቁም ያለ ሰው አይጠየቅም፣ አበቃ። ሁለታችሁም ሰማን ካላችሁ፣ ሬዲዮው ነው፣ ሌላ ድምፅ ጠልፎ ነው እላለሁ፣ ሬዲዮ ይቀየራል፣ አበቃ። እሱ ብቻ ሰማ ካላችሁኝ ግን» አለችና እስክሪብቶውን ጣል አደረገችው። «ሌላው የማይሰማውን የሚሰማ ሰው ከፍታ ላይ ላወጣ አልችልም። እኔም አልፈልግም፣ ሕጉም አይፈቅድልኝም።»

«ሰምቷል» አለ እንድሪስ። «ኢንጅነር፣ ይዩት፣ ፊቱን ይዩት።»

«ጌታሁን?»

አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። «ሰምቻለሁ» ብል እሷ እፎይ ብላ ትጽፈዋለች፣ እሱ ነገ ወደ ሳጥኑ ይወጣል። ለምን አላልኩም? ይህን ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ሰምቻለሁ ካልኩ «የማን ድምፅ ነበር?» ትለኛለች፣ የኔ ነበር ማለት ሊኖርብኝ ነው። የኔ ነበር ካልኩ ደግሞ በድምፄ የሚናገር ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፣ ያ ነገር ዛሬ ቁም አለ፣ እኔ ደግሞ ከጭነት ሥር የምቆም ሰው ነኝ፣ ነገ እዚያ ቆሜ «አውርድ» ቢልስ? እንድሪስ አብሽር ብሎ ያወርዳል። ይህን ሁሉ ያኔ በቃል አላሰብኩትም። ያኔ የተሰማኝ ምላሴ አፌ ውስጥ የተቀመጠ የባዕድ ዕቃ መሆኑ ብቻ ነው።

«እኔ የሰማሁት ነገር የለም» አልኩ።

ኢንጅነሯ እስክሪብቶውን አንስታ መጻፍ ጀመረች። ለረጅም ጊዜ ጻፈች። እንድሪስ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረው፣ አልተቆጣም፣ ይህ ነው እስካሁን የሚገርመኝ፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ወንድሜ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወረቀቱን ተወው። እሷ ጽፋዋለች፣ አልቋል። እኔ እንደሆነ እንጀራዬን አላህ ያውቃል፣ መንገዱንም ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ። ለራሴ ብቻ ነው የምጠይቅህ። እዚያ ብቻዬን በማላውቀው አገር ተቀምጬ፣ አብጄ ነበር ወይ እያልኩ እንዳላድር። ሰምተሃል?»

ኢንጅነሯ መጻፏን አቆመች፣ ግን ቀና አላለችም።

ዓይኑን ማየት አቅቶኝ እጁን አየሁ፣ መዳፉ ላይ ማንሻው የሠራው ጠባሳ አለ፣ ወፍራም፣ ቢጫ።

«አልሰማሁም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ተነሳ። የራስ መከላከያ ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ጓንቱን አጣጥፎ ውስጡ ከተተ፣ ኢንጅነሯን «ይቅርታ፣ አደከምኩዎት» አላት፣ በአጠገቤ አልፎ ወጣ። የኮንቴይነሩ በር ብረት ነው፣ ማንም ሲወጣ ከኋላው እየተላተመ ነው የሚዘጋው፣ እሱ ግን ከውጭ በሁለት እጁ ይዞ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው።